ስታዲዮም በዓመት ስንት ቀን ይሠራል?

(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬ ማታ የተሰጠኝ ርእስ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የክርክር ክፍላችን ጸሐፊ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የሰጠኝ ጥያቄ፣ «የአሜሪካ ኮሌጆች የጸደይ ጨዋታ ለታላላቅ ስታዲዮሞች የሚወጣውን ገንዘብ ተገቢ ያደርገዋልን?» ይላል። ወረቀቱን ከትከሻዬ በላይ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ፣ «እኛ በአዳማ ፀሐይ ተቀምጠን ስለ አሜሪካ ጸደይ ምን አገባን?» ብሎኝ ነበር። እኔም መጀመሪያ ርእሱ እንዲለወጥልኝ ልለምን አስቤ ነበር። ሁለት ቀን ካሰላሰልሁት በኋላ ግን ጥያቄው የኛም ሆኖ ስላገኘሁት ይዤው ቀርቤአለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ሞላላ ኳስ በብብት ታቅፎ የሚሮጥበት፣ ተጫዋቹ የራስ ቁር ደፍቶ እንደ ወይፈን የሚጋጭበት ጨዋታ ነው። ዋናው ውድድር የሚደረገው በመከር ወራት ነው። የጸደይ ጨዋታ የሚባለው ግን በሚያዝያ ገደማ አንድ ኮሌጅ የራሱን ቡድን ለሁለት ከፍሎ እርስ በርሱ የሚያጋጥምበት የልምምድ መዝጊያ ነው። ነጥብ የለውም፤ ዋንጫ የለውም፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ያው አንድ ቡድን ነው። ይህም ሆኖ የሚመጣው ሰው ብዛት ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አዲሱን አሠልጣኙን ኒክ ሴበንን ባሳየበት ቀን ከ92 ሺህ በላይ ሰው ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የልምምድ ጨዋታ ላይ 100,189 ተመልካች ተቈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲዮም ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የአዲስ አበባን ስታዲዮም ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው፤ ያውም የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት!

እንግዲህ የቀረበልኝን ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ። አያደርገውም። ለጸደይ ጨዋታ ብሎ ስታዲዮም የሠራ ኮሌጅ የለም። ስታዲዮሙን የሚያሠራው የመከሩ ውድድርና ከቴሌቪዥን የሚገኘው ገንዘብ ነው፤ የጸደዩ ጨዋታ በቆመ ቤት ውስጥ የሚደረግ ድግስ ነው። ለዚህም ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2025 የነብራስካና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች የጸደይ ጨዋታቸውን አስቀሩት። የነብራስካው አሠልጣኝ የሰጠው ምክንያት፣ ሌሎች ኮሌጆች ተጫዋቾቼን በአደባባይ አይተው ያባብሉብኛል የሚል ነበር። ጨዋታው ቀረ፤ ስታዲዮሙ ግን አንድ ድንጋይ አልጐደለበትም። የመከሩም ገንዘብ ቢሆን ሁሉንም አያጠግብም። ከአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ክፍሎች አብዛኞቹ ከሚያስገቡት የሚያወጡት ይበልጣል፤ ትርፍ የሚያገኙት በጣት የሚቈጠሩ ትላልቆች ናቸው።

ስለ አሜሪካኖች ከመተዌ በፊት ግን አንድ ነገር ልመስክርላቸው። እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተው የኦሃዮ ስታዲዮም የተሠራው ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ነው። ያዋጣው ሰው ገንዘቡ የራሱ ስለ ነበረ በኮንክሪት ላይ ላፍስሰው ቢል መብቱ ነው። የመንግሥት በጀት ግን የፈቃድ መዋጮ አይደለም። ስታዲዮም ማየት የማይፈልገው ገበሬም፣ ኳስ ነክቶ የማያውቀው የሞጆ ቈዳ ሠራተኛም ከፍሎበታል። ስለዚህ በኛ አገር ስለ ስታዲዮም ወጭ መጠየቅ የስፖርት ጠላት መሆን አይደለም፤ የከፈለ ሰው ሒሳብ መጠየቁ ነው።

ወደ አገራችን እንግባ። ስለ ስታዲዮም ስናወራ ሁላችንም በልባችን የምናየው ጥር 1954 ዓ.ም.ን ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ መጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ቀጥሎም ግብፅን ከተጨማሪ ሰዓት በኋላ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ የመንግሥቱ ወርቁም ስም እስከ ዛሬ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ሁለት ጊዜ ወደ አገራችን ተመልሶ መጥቷል፤ በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ፣ በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ። አንድ መጠነኛ ስታዲዮም ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ አስተናገደ፤ በየሳምንቱም የከተማው ቡድኖች ተጫወቱበት። ገንዘቡን አውጥቷል ከተባለ ይህ ስታዲዮም አውጥቷል። ልብ በሉልኝ፤ ያን ዋንጫ ያመጣልን የስድሳ ሺህ ወንበር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የታላላቅ ስታዲዮሞች ዘመን ነው። በባሕር ዳር ከ50 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበ ስታዲዮም ተሠራ። በመቐለም፣ በነቀምቴም፣ በሐዋሳም ተሠራ። በአዲስ አበባ ደግሞ 60 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው የአደይ አበባ ስታዲዮም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ውል ብቻ ከ2 ቢልዮን ብር በላይ፣ ሁለተኛው ከ5 ቢልዮን ብር በላይ ነበር፤ ከተጀመረ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም.ም፣ አንድ ጨዋታ አላስተናገደም ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን በተራ ተደርድሮ ሲሰማ ሌላ ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከደቡብ አፍሪካ ጋር በባሕር ዳር ተጫውቶ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲዮሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን በሜዳችን መግጠም ሲገባን «ሜዳችን» ጆሃንስበርግ ሆነ፤ 1 ለ 1 ወጣን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በሜዳችን መግጠም ሲገባን «ሜዳችን» የማላዊዋ ሊሎንጉዌ ሆነች። በዚያም ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። የመጀመሪያውን ጐል ያገባው ማን ነበር? የዚችው የአዳማ ከተማ ቡድን ተጫዋች ዳዋ ሆጤሳ ነበር! ሁለተኛውን ሽመልስ በቀለ ጨመረ። ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለ ድል ስንት ጊዜ አየን? የአዳማ ልጅ በግብፅ ላይ ጐል ሲያገባ የአዳማ ሰው በቴሌቪዥን ማዶ፣ በሻይ ቤት ወንበር ላይ ቆሞ ጮኸ። በስታዲዮሙ ውስጥ ቢጮኽለት ምን ነበረበት?

ታዲያ ምን ጐደለን? የሰው ማስቀመጫ ነውን? አይደለም፤ ማስቀመጫ ሞልቶናል። ኮንፌዴሬሽኑ የሚመረምረው ዝርዝር የሣሩን ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የሕክምና ክፍሉን፣ መብራቱን፣ ወንበሩን፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚመለከት ነው። እኛ ከሩቅ የሚታየውን ኮንክሪት አቆምን፤ ከቅርብ የሚፈለገውን ቧንቧና ሣር ለኋላ አቈየን። ፎቶግራፍ የሚነሣው ኮንክሪቱ ስለ ሆነ ይመስለኛል። መጸዳጃ ቤት ሲመረቅ ሪባን የሚቈርጥ ባለ ሥልጣን አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ከተማችን ልምጣ፤ የማታውን ነገር ያመጣሁት ለዚህ ነውና። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየክለቡ ሜዳ መደረጉ ቀርቶ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ለጥቂት ሳምንታት እየተሰበሰቡ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ እየተዛወሩ መጫወት ጀመሩ። አንዱ ምክንያት የኮሮና በሽታ ነበር፤ ሌላው የቴሌቪዥኑ ስርጭት ነው። መልቲቾይስ የተባለው ኩባንያ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚልዮን ዶላር የተዋዋለበት ስርጭት ካሜራ የሚያስቆም ስፍራና ደኅና ሣር ይፈልግ ነበርና። በ2014 ዓ.ም. አዳማም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ስትሆን ጨዋታው የተደረገው በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲዮም ነው። አስተውሉ! በ1985 ዓ.ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የጀመረው ትምህርት ቤት የአገሪቱን ትልቁን ውድድር በግቢው አስተናገደ። ታላላቆቹ ስታዲዮሞች ሲያቅታቸው መጠነኛው የትምህርት ቤት ሜዳ ቻለው።

ይህ ለከተማው ጥቅም አላመጣም የሚል ቢኖር አላምነውም። ሊጉ ሲመጣ ሆቴሉ ይሞላል፤ ባጃጁና ጋሪው ሥራ ያገኛል፤ ቆሎና ውኃ የምትሸጠው ሴት እስከ ማታ ትውላለች። ተማሪውም ሌላ ጊዜ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያየውን ተጫዋች በቅርብ ያያል። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። እኔ የምለው እነዚህ የበዓል ቀናት ናቸው ነው። የኛ የጸደይ ጨዋታ ይህ ነው። በዓል ደግሞ ቤት አያሠራም፤ ቤት የሚያሠራው የዘወትር ኑሮ ነው።

ስለዚህ የማንኛውንም ስታዲዮም ዋጋ ስንመዝን ልንጠይቅ የሚገባን ስንት ሰው ተቀምጦ ያያል ብለን ሳይሆን፣ ስንት ሰው በስንት ቀን ይጫወትበታል ብለን ነው። በሳምንት አንድ ጨዋታ የሚደረግበት ሜዳ 22 ሰው ያጫውታል። ዐሥር ጨዋታ የሚደረግበት 220። ለዚህ ልዩነት አንድም ተጨማሪ ወንበር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ከመምህራኖቻችን አንዱ እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ይታየኛል። «ልጄ፣ ሣር እንደ ሲሚንቶ አይደለም፤ ዐሥር ጨዋታ ቢረገጥ ይሞታል» ሊሉኝ ነው። እውነታቸውን ነው። ሣር ዕረፍት ይሻል፤ በስምጥ ሸለቆ ደረቅ አየር ውስጥ ደግሞ ውኃ ይሻል። አዳማ የምትጠጣው ውኃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የጕድጓዱ ውኃ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት ያገሩን ልጆች ጥርስ አይቶ መናገር ይቻላል። ስለዚህ ለሣር የምናጠጣው ውኃ ከሰው አፍ ጋር የሚሻማ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚረዳው እኔን እንጂ ተቃዋሚዬን አይደለም። አንዱ የሣር ሜዳ ብዙ የማይችል ከሆነ ከጐኑ ሣር የሌለው፣ ድንጋዩ የተለቀመ፣ የተደለደለ፣ መስመሩ በኖራ የተሰመረ ሁለተኛ ሜዳ ያስፈልገዋል። ይህንንም ለመሥራት ግሬደር ለጥቂት ቀን፣ አራት ቋሚ እንጨትና ሁለት አግዳሚ ይበቃል። ዋጋው ከአንድ ጥላ ያለው የክብር እንግዶች መቀመጫ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት በዚሁ በሸለቆው ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ስም ልተወው። ግቢው ውስጥ ሰፊ ሜዳ ነበረን። አንድ ዓመት ለአንድ ትልቅ በዓል ተብሎ ሜዳው ታጠረ፤ በአንድ ወገን የብረት መቀመጫ ቆመ፤ ሣርም ተተከለ። በዓሉ አንድ ቀን ውሎ ዐለፈ። አጥሩ ግን አልፈረሰም። ኳስ ይዘን በሄድን ቍጥር ሽማግሌው ዘበኛ፣ «ልጆች፣ ሣሩ ለእንግዳ ነው» እያሉ ይመልሱን ነበር። አባባ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የታዘዙትን ነው የሚፈጽሙት። እኛ ከዚያ በኋላ ከግቢው ውጭ በመኪና መንገድ ዳር ስንጫወት ቆየን፤ እንግዳው ግን ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም። ትምህርቴን ስጨርስ ሣሩ ደርቆ የፍየል መዋያ ሆኖ ነበር፤ ፍየሎቹን የሚከለክል ትእዛዝ አልነበረም መሰለኝ።

በሌላ በኩል ከአዳማ ተነሥታችሁ በአሰላ በኩል ወደ በቆጂ ብትወጡ የምታገኙት ሌላ ታሪክ ነው። በዚያች ትንሽ ደጋ ከተማ አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ ሕፃናቱን ያሠለጥን የነበረው በአፈር ሜዳና በባሕር ዛፍ መካከል ነው። ከዚያ አካባቢ የወጡት ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከባርሴሎና እስከ ለንደን ባሉት ኦሎምፒኮች በአንድነት 9 የወርቅ ሜዳልያ አምጥተዋል። ዘጠኝ! እርግጥ ነው፣ ሯጭ ከፍ ካለ በኋላ ዘመናዊ መሮጫ ያስፈልገዋል፤ አፈር ብቻውን ሻምፒዮን ያወጣል የሚል የዋህ አይደለሁም። የምለው የመጀመሪያው ብር የት ይውደቅ ነው። በሜዳችን በኩል ደግሞ የወንጂ ስኳርን፣ የመተሐራ ስኳርንና የሙገር ሲሚንቶን ቡድኖች አስቡ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የሆላንዱ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር የሠራተኛው ሰፈር ኳስ ሜዳም አብሮ ኖረ። ሠራተኛው ከፈረቃ ወጥቶ ይጫወታል፣ ልጁ ያያል፣ ነገ ልጁ ይጫወታል። በዚህ መንገድ የስኳር ፋብሪካ ቡድን እስከ አገሪቱ ትልቅ ሊግ ድረስ ደረሰ። እዚያ ሰፈር ማንም «ሣሩ ለእንግዳ ነው» አላለም።

ከጓደኞቼ አንዱ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንብቦት እንዲህ ሲል ተቃወመኝ፤ «አንተ ሁሉን በሒሳብ ትለካለህ። ትልቅ ስታዲዮም የሕዝብ ክብር ነው። ድኻ አገርም ቢሆን የሚኰራበት ነገር ያስፈልገዋል፤ አደባባይና ሐውልትስ የምንሠራው ለትርፍ ነውን?» ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። እኔም ብሔራዊ ቡድኑ ሲገባ ስድሳ ሺህ ሰው ተነሥቶ ሲዘምር መስማት እመኛለሁ። የአፍሪካ ዋንጫን እንደ ገና ማስተናገድ ከፈለግን ደግሞ ትልቅ ስታዲዮም ግድ ነው፤ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የወጡባት አገር ይህን መመኘቷ ነውር የለበትም። ግን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። እያንዳንዱ ክልል የየራሱን ስድሳ ሺህ ወንበር ሲያቆም ክብሩ ይከፋፈላል እንጂ አይበዛም። ደግሞስ የሕዝብ ክብር በኮንክሪት የሚለካ ከሆነ፣ በሊሎንጉዌ በሰው ሜዳ ግብፅን ባሸነፍንበት ቀን ክብራችን የት ነበረ ልንል ነው?

እንግዲህ ሰዓቴ እያለቀ ስለ ሆነ ወደ ሥራው ልመለስ። የአደይ አበባን ስታዲዮም እኛ አንወስንም። በግቢያችን ውስጥ ግን ልንጠይቅ የምንችለው አለ። ለኅብረቱ የስፖርት ክፍል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ በሜዳው በር ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ። በየቀኑ ማን እንደ ተጫወተ፣ ስንት ሰው እንደ ሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደ ቆየ፣ ሜዳው የተዘጋበትም ቀን በምን ምክንያት እንደ ተዘጋ ይጻፍበት። የሴቶች ጨዋታ በተለየ ዐምድ ይመዝገብ፤ ያ ዐምድ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁና። በሰኔ መጨረሻ ደብተሩን ደምረን፣ ከሁለተኛው የአፈር ሜዳ ጥያቄ ጋር ለአስተዳደሩ እናቅርብ። ቍጥር ይዘን ስንሄድ ማንም «ተማሪዎቹ ስሜት ይዟቸው ነው» ሊለን አይችልም። እስከዚያው ደግሞ የየትምህርት ክፍሉ ውድድር ፀሐዩ ሳይበረታ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እንዲጀመር እጠይቃለሁ፤ የሚተኛ ይተኛ፣ የሚጫወት ይጫወት።

ደብተሩን የሚይዝ ሰው ከታጣ እኔ ማክሰኞና ዓርብ ለመያዝ ፈቃደኛ ነኝ። ለቀሩት ቀናት አምስት ሰው ይፈለጋል። ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡልኝ፤ ሊቀ መንበሩም ሐሳቡን ለድምፅ እንዲያቀርቡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።